ዓሣዬ ጠፋ! በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ የጠፋ ዓሣ አፈላለግ፣ ደረጃ በደረጃ

ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው። «ወንድሜ፣ ትናንት ማታ ሲበላ አይቼዋለሁ፣ ጠዋት ብነሳ የለም። ዓሣ ይተናል እንዴ?» ከለገጣፎም፣ ከሰበታም፣ ከሱሉልታም፣ ከቱሉ ዲምቱም የሚመጣው ያው ነው፤ የሚለየው የዓሣው ዓይነት ብቻ። ለእያንዳንዱ ሰው እየደጋገምኩ ከምመልስ አንዴ በወጉ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዓሣ አይተንም። ወይ ተደብቋል፣ ወይ ዘሎ ወጥቷል፣ ወይ በውሃ መውረጃው ገብቶ ታች ወርዷል፣ ወይ ደግሞ ሞቶ ተበልቷል። ከውጭ ወደ ውስጥ በቅደም ተከተል ከፈለጋችሁ አብዛኛውን ጊዜ አንድም ድንጋይ ሳታነሱ መልሱን ታገኛላችሁ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት እጃችሁን ከውሃው አውጡ። ድንጋይ አታገላብጡ። ድንጋዩን ስታምሱ ተደብቆ የነበረው ዓሣ ሊጨፈለቅ ይችላል፣ አሸዋው ሥር የተጠራቀመው ቆሻሻ ይነሳል፣ ደህና የነበሩትም ይታወካሉ። አንድ ዓሣ ፍለጋ ተገብቶ አራት ዓሣ የሚሞተው እንደዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የእጅ ባትሪ (የስልክም ይሆናል) እና ቀይ ፌስታል
- ለጨው ውሃ የሚሆን የአሞኒያ መለኪያ፣ ጊዜው ያላለፈበት
- ሪፍራክቶሜትር ወይም ሃይድሮሜትር (የጨዋማነት መለኪያዎች ናቸው)፣ እና ቴርሞሜትር
- ለስላሳ መረብ፣ ቢቻል ሁለት
- ለአኳሪየም ብቻ የሚውል ባልዲና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ዘይት ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም።
- ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባህር ጨው
- አክቲቬትድ ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ ከሰል)
- ባለ ሁለት ሊትር ባዶ ሃይላንድ
- ረጅም የላስቲክ ጓንት
- በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ

ጨው ላይ አንድ ነገር። «የአፋር ጨው ከባህር የመጣ ነው አይደል፣ ለምን አይሆንም?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይሆንም። አሞሌውም፣ የወጡም ጨው በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባህር ውሃ ውስጥ ግን ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) የሚይዘው ባይካርቦኔትም በልካቸው አሉ፤ ዓሣው ያለ እነሱ አይቆይም።

ደረጃ 1፦ የጠፋው ምን ዓይነት ዓሣ ነው?

ፍለጋው ከዚህ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ዓሣ የሚጠፋበት መንገድ የራሱ ነውና።

ራስ (wrasse) የሚባሉት ዓሣዎች፣ በተለይ ሃሊኮረስ የተባለው ወገን፣ ማታ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ነው የሚያድሩት። አዲስ የገባ ራስ ተቀብሮ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንት ላይወጣ ይችላል። ይሄ ጤነኛ ጠባይ ነው። ፋየርፊሽና ጎቢ ዋነኞቹ ዘላዮች ናቸው፤ እነሱ ከጠፉ ቀጥታ ወደ ደረጃ 2 ሂዱ። ብሌኒ የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ጭንቅላቱን ብቻ ያወጣል፣ ስትጠጉ እሱንም ይመልሰዋል። ታንግ ሲደነግጥ ከድንጋዩ ጀርባ ይሸጎጣል። ክላውንፊሽ ግን ድብብቆሽ አይወድም፤ ቦታውን ይዞ የሚውል ዓሣ ስለሆነ አንድ ሙሉ ቀን ካልታየ ነገሩን ቶሎ በቁም ነገር ያዙት።

መጨረሻ ያያችሁት መቼ ነበር? በልቶ ነበር ወይስ ጥግ ይዞ ነበር? ከዚያ ወዲህ መብራት ሄዶ ነበር? ጻፉት፤ ደረጃ 4 ላይ ይጠቅማል።

ደረጃ 2፦ ከአኳሪየሙ ውጭ ፈልጉ

ውሃውን ከማየታችሁ በፊት ወለሉን እዩ። ከሁሉም ፈጥኖ ማለቅ ያለበት ፍለጋ ይሄ ነው፤ ወለል ላይ ያለ ዓሣ ጊዜ የለውም።

ከአኳሪየሙ ጀርባና ሥር፣ በመቆሚያው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሶፋ ሥር፣ በመጋረጃው ጫፍ እጥፋት ውስጥ ፈልጉ። የወደቀ ዓሣ እየተንፈራገጠ ከወደቀበት ራቅ ብሎ ሊሄድ ስለሚችል አንድ ሁለት ሜትር ዙሪያውን አስሱ። ጉንዳን ተሰልፎ ወደ አንድ ጥግ የሚሄድ ከሆነ ተከተሉት። ድመት ካለ መልሱ ቶሎ ሊገኝ ይችላል፤ ግን በሷ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሌሎቹንም ደረጃዎች ጨርሱ። ጠዋት ቤቱን የጠረገውንም ሰው ጠይቁ። ሌሊት ወድቆ እንደ ቋንጣ የደረቀ ትንሽ ጎቢ ዓሣ አይመስልም፣ ከአቧራው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል።

ካገኛችሁትና ገና እርጥብ ከሆነ፣ ባይንቀሳቀስም አትጣሉት። እጃችሁን በአኳሪየሙ ውሃ አርጥባችሁ አንሱትና ወደ ራሱ ውሃ መልሱት፤ ለስለስ ያለ የውሃ ግፊት ባለበት ቦታ አቆዩት። ጉንጩ ሲከፈት ሲዘጋ ካያችሁ ተስፋ አለው። አቧራውን ለማስለቀቅ አትሹት፣ ላዩ ላይ ያለው ልጥልጥ ነገር ከበሽታ የሚከላከልለት ነው። በቧንቧ ውሃ አትለቅልቁት።

ደረጃ 3፦ ፓምፕ፣ መውረጃና ሳምፕ

ትንንሽ ዓሣዎች ውሃው ወደሚወርድበት ሳጥን ዘለው ይገባሉ፣ ከዚያ በቱቦው ወደ ሳምፕ፣ ማለትም ከአኳሪየሙ ሥር ወዳለው የማጣሪያ ገንዳ፣ ይወርዳሉ። እዚያ ምግብ አብሮ ስለሚወርድላቸው ሳምንታትም ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሰው እላይ ሲያለቅስ ዓሣው ታች ይበላል።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከማከፋፈያው ንቀሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። በረጠበ እጅ ሶኬት አትንኩ፣ ፓምፕና ሂተር ሳይነቀል እጅ አታስገቡ። የእያንዳንዱ ዕቃ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደታች ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ የመውረጃ ሳጥኑን ክዳን አንሱና በባትሪ ወደታች አብሩ። ቀጥሎ የፊልተር ጨርቁን ገልብጡት፣ ሳምፑን ክፍል በክፍል እዩ፣ የመመለሻ ፓምፑን አካባቢ ደግሞ በተለይ። ውሃ ማንቀሳቀሻውን ፓምፕም ከጀርባው አትርሱ፤ የደከመ ዓሣ መሳቢያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጤነኛ ዓሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ግፊት ያመልጣል፣ ስለዚህ ፓምፑ ላይ የተገኘ ዓሣ ቀድሞውኑ ታሞ ሊሆን ስለሚችል የቀሩትን በጥንቃቄ እዩ።

ፓምፑን ከ15 ደቂቃ በላይ አጥፍታችሁ አታቆዩት። እኛ ያለነው አዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የሱሉልታ ሰው ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር የባህር ውሃ ባህር ዳር ላይ 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ ወደ 5 ይወርዳል። ከውጭ የተጻፉ መመሪያዎች «ፓምፑ ለሰዓታት ቢጠፋ ችግር የለውም» ሲሏችሁ ጸሐፊው የተቀመጠው ባህር ጠርዝ ላይ መሆኑን አትርሱ። የፍለጋው ሰዓት መብራት ከሄደበት ሰዓት ጋር ከገጠመ የባትሪውን አየር ፓምፕ ክፈቱ። እሱም ከሌለ በጆግ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፣ በየጥቂት ደቂቃው።

ደረጃ 4፦ ውሃውን ለኩ

አስከሬኑን ባታዩትም ውሃው ይናገራል። የሞተ ዓሣ ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፣ የባህር ውሃ ፒኤች ደግሞ ከ8 በላይ ስለሆነ አሞኒያው ጨው ከሌለው ውሃ ይልቅ እዚህ መርዝነቱ ይከፋል። አሞኒያን ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ለኩ። አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይበቃም፣ ምክንያቱም መበስበስ ጊዜ ይወስዳል።

ዜሮ ከሆነና ዜሮ ሆኖ ከቀጠለ፣ ወይ ዓሣው በሕይወት አለ፣ ወይ ቶሎ ተበልቶ አልቋል። ሁለቱም ድንጋይ ለማንሳት ምክንያት አይሆኑም። በደንብ በተደላደለ ባለ 200 ሊትር አኳሪየም ውስጥ አንድ ትንሽ ዓሣ ቢሞት ኧርሚት ክራብ፣ ቀንድ አውጣና ትላትል በአንድ ሌሊት ሊጨርሱት ይችላሉ፤ መለኪያው ላይም ምንም ላይታይ ይችላል። ባለ 50 ሊትር ከሆነ ግን ያው ዓሣ ውሃውን ሊያበላሸው ይችላል። በሊትር 0.25 ሚሊግራም እና ከዚያ በላይ ካያችሁ ወደ ደረጃ 8 እለፉ።

ሙቀቱንም እዩ፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ የዳር ከተማ ሌሊት ኃይለኛ ነው፣ መብራት ሄዶ ሂተሩ ካልሠራ ውሃው ወርዶ ያድራል፣ ዓሣውም ደንዝዞ ጥግ ይይዛል። ጨዋማነቱ በሃይድሮሜትሩ (ስፔሲፊክ ግራቪቲ) 1.026 አካባቢ፣ ማለትም በሺህ 35 ይሁን። ከፍ ብሎ ከተገኘ ውሃው ተኖ ነው፤ ጨው ይቀራል እንጂ አይተንም፣ ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው በተጣራ ውሃ ነው። በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያላችሁ።

ደረጃ 5፦ የሌሊት ፍለጋ

የአኳሪየሙ መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቀዩን ፌስታል ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ባትሪው ላይ ሸፍኑና በላስቲክ እሰሩት። ብዙዎቹ የባህር ዓሣዎች ቀይ ብርሃን በደንብ አያዩም፣ ስለዚህ አይደነግጡም። በነጭ ብርሃን ድንገት ብታበሩባቸው ግን የተኛው ይበረግጋል፣ ያልጠፋው ዓሣም ዘሎ ይጠፋል።

ከታች ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ እዩ። አሸዋው ላይ ትንሽ ጉብታ ካለ እዚያ ሥር የተኛ ራስ ሊኖር ይችላል። ሲክስላይን ራስ ደግሞ አሸዋ ውስጥ አይገባም፤ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ በራሱ ልጋግ የተሠራ ስስ ከረጢት ውስጥ ይተኛል። ያንን አይታችሁ «ሞቷል፣ ሻጋታ በቅሎበታል» ብላችሁ እንዳትጎትቱት።

ሌላም ምልክት አለ፣ ደስ የማይል ግን የማይዋሽ። ፀጉራም ትሎችና ናሳሪየስ ቀንድ አውጣዎች ከየአሸዋው ወጥተው ወደ አንድ ቀዳዳ የሚጎርፉ ከሆነ፣ ሽሪምፑም እዚያው ቆሞ ጎትቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ዓሣው እዚያ ነው። ሞቷል። ትሎቹን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ፀጉራቸው ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀርና ለቀናት ያቃጥላል።

ደረጃ 6፦ በምግብ ጥሩት

ዓሣ ሰዓቱንና ቦታውን ይለምዳል፣ እኛም የምንጠቀመው ያንን ነው። ሁልጊዜ በምታበሉበት ሰዓት፣ በዚያው ጥግ፣ ትንሽ የቀለጠ የበረዶ ሽሪምፕ ጣሉና ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። መስታወቱ ላይ አፍንጫችሁን ለጥፋችሁ ከጠበቃችሁት አይወጣም። ልጆች ካሉ እነሱም ይራቁ። ለአሥር ደቂቃ እዩ፣ የተረፈውን ምግብ በመረብ አውጡ፤ «ይርበዋል» ብሎ እጥፍ መጣል አሞኒያ ጨምሮ የደረጃ 4ን ልኬት ያበላሻል።

አዲስ የገባ ከሆነ አንድ ሳምንት ሙሉ ታገሱ። የቆየ ዓሣ ከሆነ ሦስት አራት ቀን ምግብ ላይ መቅረቱ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ገዳይ አለ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ

አንድ ዓሣ ጠፍቶ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ከደገመ፣ ሌሊት ደግሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ከድንጋዩ ጋር የመጣ ማንቲስ ሽሪምፕ ሊሆን ይችላል። ድምፁ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የማይጎዳው ፒስቶል ሽሪምፕም ያንኑ ድምፅ ያወጣል። ትልልቅ ፀጉራም ክራቦችም ይጠረጠራሉ።

ወጥመዱ በሃይላንድ ይሠራል። ጠርሙሱን ከአንገቱ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡትና የተቆረጠውን ክፍል ክዳኑን አውልቃችሁ ገልብጣችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ መግባት ይቻላል፣ መውጫውን ማግኘት ግን ያስቸግራል። ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሱት፣ ውሃ እንዲመላለስ። ውስጡ ትንሽ ጥሬ ሽሪምፕ፣ ከሌለም የጣት ጫፍ የምታህል ጥሬ ቆሮሶ፣ ከአንድ ሁለት ንጹህ ድንጋይ ጋር አድርጉና መብራት ሲጠፋ አሸዋው ላይ አስቀምጡት። ጠዋት በማለዳ አውጡት። ቀኑን ሙሉ ከተዋችሁት ማጥመጃው የሚገለው ጤነኛውን ዓሣ ይሆናል፣ ሥጋውም ይበሰብሳል። የያዛችሁትን በእጅ አትንኩ፤ ማንቲስ ሽሪምፕ ጣት ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል።

ምንጣፍ የሚመስለው ትልቁ አኔሞኒ (አበባ የሚመስል የባህር እንስሳ) ካላችሁም ሌላ ወንጀለኛ አትፈልጉ፣ ዓሣ ይበላል።

ደረጃ 8፦ ድንጋይ የሚነሳው መቼ ነው?

አሞኒያ ከወጣ፣ ወይም ውሃው መሽተት ከጀመረ፣ ወይም የሌሊቱ ፍለጋ አንድ ቀዳዳ ካሳየ ብቻ።

ጓንት አድርጉ፣ በተለይ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ፤ በአኳሪየም ውሃ በቁስል የሚገባ የቆዳ ኢንፌክሽን አለ፣ ለመዳንም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከላይ ጀምራችሁ አንድ በአንድ አንሱና ከዚያው አኳሪየም በተቀዳ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ። አሸዋውን አትቆፍሩ፤ የጠቆረና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት አሸዋ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለበት፣ ለዓሣ መርዝ ነው።

ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ «ውስጡ ያለውን ልግደል» ብላችሁ ድንጋይ አትቀቅሉ፣ የፈላ ውሃም አታፍሱበት። ዞአንቲድ የሚባሉት ኮራሎች ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ በሙሉ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

አስከሬኑን ካገኛችሁት በመረብ አውጡና ከመጣላችሁ በፊት እዩት። ነጭ ነጠብጣብ፣ የቀላ ቁስል ወይም ያበጠ ሆድ ካለ ችግሩ የእሱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ውሃ ቀይሩ፣ ከ20 እስከ 25 በመቶ። ለባለ 100 ሊትር አኳሪየም ይሄ አንድ ጀሪካን ነው። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ስለሆነ ለ20 ሊትር 700 ግራም ጨው ይሆናል፤ ጨው እርጥበት ስለሚስብ ትንሽ ሊጨምር ይችላል፣ የመጨረሻውን ቃል ለሪፍራክቶሜትሩ ስጡት። የምትጠቀሙት በአር ኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑን በማጥፊያው አስወግዱ። አዲሱ ውሃ በፓምፕ እየተማሰለ ሌሊቱን ይደር፣ ሙቀቱም ከአኳሪየሙ ጋር ይመጣጠን። አሞኒያው የማይጠብቅ ከሆነ ጨው ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ብቻ ጠብቁ። እኔ ሁሌ አንድ የተበጠበጠ ጀሪካን ዝግጁ አድርጌ አስቀምጣለሁ፤ በዚህ የውሃ ወረፋ «ዛሬ አልመጣም» የሚባል ቀን አይታወቅም። ካርቦኑን ፊልተሩ ውስጥ አድርጉ፣ በማግስቱ ደግማችሁ ለኩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ውሃውን በአንድ ጊዜ ሰማንያ በመቶ መቀየር። ከሞተው ዓሣ ይልቅ የቀሩትን የሚጎዳው ድንገተኛው ለውጥ ነው።

«ምናልባት በሽታ ይሆናል» ብሎ መድኃኒት አኳሪየሙ ውስጥ መጨመር። መዳብ ያለበት መድኃኒት ሽሪምፑን፣ ቀንድ አውጣውንና ኮራሉን ይፈጃል፣ ድንጋዩም መዳቡን ይዞ ይቆያል። ሕክምና ካስፈለገ በሌላ ገንዳ።

መስታወት ማንኳኳት። የተደበቀው ይበልጥ ይደበቃል።

በዚያው ቀን ምትክ መግዛት። ይሄኛው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሻጩ ጋ ሲደወል «አለ፣ ና ውሰድ» ነው የሚባለው። የጠፋው በሕይወት ካለ ቦታው የኔ ነው ብሎ ከአዲሱ ጋር ይጣላል፤ በበሽታ ሞቶ ከሆነ ደግሞ አዲሱም ይታመማል። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ተውሳክ ዑደት ሳምንታት ስለሚወስድ ቢያንስ አራት ሳምንት የቀሩትን እያያችሁ ጠብቁ። በዚህ ጊዜ ሽፋኑን ሥሩ።

ደረጃ 9፦ ሽፋን

ብዙ ዝላይ የሚሆነው መብራት ድንገት ሲጠፋ ነው፤ እዚህ ደግሞ መብራት እኛን አስፈቅዶ አይሄድም። በሙሉ መስታወት አትሸፍኑ፣ ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ አንሷል። የፕላስቲክ መረብ በፍሬም ወጥሩበት፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ ጎቢ ቀጭን ነው። የብረት ወንፊት አይሆንም፣ ይዝጋል፣ ዚንክና መዳቡም ውሃው ውስጥ ይገባል። ገመድና ቱቦ የሚገባበትን ጥግ እስፖንጅ ወትፉበት፣ ዓሣ የሚወጣው በዚያች ክፍተት ነውና። የመውረጃ ሳጥኑንም አፍ በዚያው መረብ ሸፍኑት። በየሳምንቱ አውልቃችሁ ጨው የጋገረበትን በተጣራ ውሃ እጠቡት፤ ከተደፈነ አየር አያስገባም።